ወርቁን ተዉትና ሰሙን አንብቡ፦ ግጥም ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከጀማሪዎች ጋር ግጥም ማንበብ እወዳለሁ። ሰው ይለዋወጣል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። አንደኛው ግን ትዕግስቴን ያስጨርሰኛል፤ ከሱ ልጀምር።

ወርቅ ለመቆፈር መቸኮል። ግጥሙ ተነቦ ሳያልቅ "ወርቁ ምንድን ነው?" የሚል አይጠፋም። ሰም ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ ነው፣ ወርቅ ከሥሩ የተደበቀው። ሁሉም ግጥም ሰምና ወርቅ የለውም! ሰምና ወርቅ አንድ መንገድ እንጂ የአማርኛ ግጥም ሁሉ ሕግ አይደለም። አንድ ልጅ ስለ ዝናብ በተጻፈች አጭር ግጥም አጥብቆ ተከራክሮኛል። ዝናቡ መንግሥት ነው፣ ጣሪያው ሕዝብ ነው አለኝ። "ቆይ፣ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ምን ይሰማሃል?" ስለው መልስ አልነበረውም። ድምፁን ጨርሶ አልሰማውም። ግጥሟ ደግሞ ያላት እሱኑ ነው።

ወርቅ ባለበትም ቢሆን ሰሙን መናቅ በደል ነው። ለዚሁ ብዬ የገጠምኳትን እንያት፦

አገር ያስተማረ እሱ ባለ ዝና
ሳይማር ሞተ አሉ ከደጅሽ ቆመና

ሰሙ፣ ሌላውን ሲያስተምር የኖረ ሰው እሱ ራሱ ትምህርት ሳይቀስም ሞተ ይላል። ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለቱንም ፍቺ የያዘው ቃል፣ "ሳይማር" ነው። ወርቁ ምሕረት ነው፤ ደጇ ቆሞ የለመነ ሰው ይቅር ሳይባል ሞተ። አሁን ሰሙን አውጥታችሁ ጣሉት። የሚቀረው ተራ የፍቅር አቤቱታ ነው። አንጀት የሚበላው ለአገር የተረፈው ሰው ለራሱ አንዲት ቃል ማጣቱ ነው። ይሄ የሚገኘው ሁለቱ ፍቺዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሰሙን ታሪክ አጣጥሙ። አልገጥም የሚል ቃል ሲመጣ ቆም በሉ። ትምህርት ያጣ ሰው እሷ ደጅ ምን ያቆመዋል? "ከደጅሽ" የምትለው ቃል ናት በሩን የምትከፍተው። ወርቁ የሚመጣው እንዲህ ነው፣ በግምት አይደለም።

በዓይን ብቻ ማንበብ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። "ገና" ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። "ሰፊ" ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፣ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። ገጣሚዎች በዚህ ይጫወታሉ። ድምፅ አውጥቶ ያላነበበ ሰው ጨዋታው ያመልጠዋል።

ምጣኔውም፣ ማለትም የስንኙ የድምፅ ልክ፣ የሚታወቀው በጆሮ ነው። የሚለካው በቀለም ነው፤ ቀለም ማለት ሲነገር ባንድ ጊዜ የሚወጣ ድምፅ ነው። ከላይ ያለችው ስንኝ የወል ቤት ናት፤ 6 ቀለም፣ እረፍት፣ 6 ቀለም። "አገር ያስተማረ" ብላችሁ ትንፋሽ ውሰዱ፣ ከዚያ "እሱ ባለ ዝና" በሉ። ሰንጎ መገን 5 በ5 ነው፣ ቡሄ በሉ 4 በ4። የፀጋዬ ገብረ መድኅን ቤት የሚባለው ደግሞ 8 በ8 ነው። እሱን በወል ቤት ዜማ የጀመረ ሰው መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ግጥሙ ከብዶ አይደለም፣ አነሳሱን ስቶ ነው።

ፊደል መቁጠር። የሚቆጠረው ድምፅ ነው፤ "አስተማረ" 5 ፊደል ቢሆንም ሲነገር አስ-ተ-ማ-ረ፣ 4 ቀለም ነው።

"እኔ" ያለው ሁሉ ገጣሚው ነው ማለት። አዝማሪ "ተቀበል!" ሲባል እንግዳው የሰጠውን ግጥም ይዘፍናል፤ ብሶቱ የእንግዳው ነው። አልቃሽም በሟች አፍ ሙሾ ታወርዳለች። የፀጋዬ "ሰቆቃወ ጴጥሮስ" ላይ የሚናገሩት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 1928 የረሸናቸው ጳጳስ መሆናቸውን ሳያውቁ ግጥሙን ማንበብ ይቻላል፣ ግን ሰውየው የት ቦታ ቆመው እንደሚናገሩ አይታይም። ማን ለማን፣ መቼ እንደሚናገር ሳታውቁ ወደ ፍቺ አትሂዱ።

ቅኔንና ግጥምን አንድ ማድረግ። የግዕዝ ቅኔ የራሱ ትምህርት ቤትና የራሱ ልክ አለው። ከቅኔ ዓይነቶቹ ጉባኤ ቃና 2 ቤት (መስመር) ነው፣ መወድስ 8። አንድን የአማርኛ ግጥም ስለወደዳችሁት ብቻ ቅኔ አትበሉት፤ ግጥም መባል አያሳንሰውም።

ቤት ካልመታ ግጥም አይደለም ማለት። ይሄ ክርክር ቢያረጅም ዛሬም አዲስ አንባቢን ያስታል። እነ ገብረ ክርስቶስ ደስታና ሰሎሞን ደሬሳ ከተለመደው ምጣኔ ወጥተው ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ግጥም ሲገጥማችሁ ጆሯችሁ ቤት መምቻውን ካጣ፣ ዓይናችሁ መስመሩ የተቆረጠበትን ይፈልግ። ቀጣዩን መስመር በእጃችሁ ሸፍኑት። ምን ይመጣል ብላችሁ ገምቱና ግለጡት። ያልጠበቃችሁት ቃል ከመጣ ወደ ላይ ተመለሱና ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ገጣሚው ለምን እዚያ ላይ እንደቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ይገባችኋል።