ትልልቅ ጌሞችን ጊዜም ብርም ሳያስበሉ እንዴት መጫወት ይቻላል

ባለፈው ክረምት ስታዲየም አካባቢ አንድ ጌም ቤት ቁጭ ብዬ አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ እጫወታለሁ። ዋናው ሚሽን ሌቭል 28 ይላል። እኔ 24 ነኝ። ስለዚህ ሽፍታ መግደል፣ ሣጥን መክፈት፣ ተኩላ ማባረር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሽፍታ። የቤቱ ባለቤት መጥቶ ጀርባዬ ቆመ። ትንሽ አየና «ወንድሜ፣ ትናንትም ሽፍታ ስትገድል አልነበር እንዴ?» አለኝ።

«ሌቭል እየሞላሁ ነው።»

«ሙላ፣ ሙላ» ብሎ ሰዓቱን አየና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ደስ ብሎታል። ለምን አይለው? እኔ ሽፍታ በገደልኩ ቁጥር የእሱ ሂሳብ ይቆጥራል።

ይኼ አንድ ዓይነት ሥራ እየደጋገሙ ሌቭል መሙላት ግራይንድ ይባላል። እዚያው ጌም ውስጥ ደግሞ ሱቅ አለ። ሱቁ በ10 ዶላር ገደማ የምታገኙትን ኤክስፒ (ሌቭል የሚያስጨምረውን ነጥብ) ለዘለቄታው በ50 በመቶ የሚጨምር ነገር ይሸጣል። መጀመሪያ ያደክማችኋል፣ ከዚያ ማረፊያውን ይሸጥላችኋል። አዲስ አበባ ላይ ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ማሽን) ቤቱ የሌለው ሰው ደግሞ ሁለቴ ይከፍላል። ግራይንዱ ራሱ በሰዓት የሚታሰብ ብር ነውና።

እኔ ከብዙ ኪሳራ በኋላ የደረስኩበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሱቅ እንዳለው እዩ

ጌም ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አጣሩ። በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ነገር ጌሙ ውስጥ አለ? ይህን ካወቃችሁ ድካሙ ለምን እንደተቀመጠ ግማሹን ታውቃላችሁ።

ኤልደን ሪንግ ውስጥ የለም። ዊቸር 3 ውስጥም የለም። እንዲያውም ዊቸር 3 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ 16 ትንንሽ ተጨማሪዎችን በነጻ ነው የሰጠው። እነዚህ ጌሞች ቢከብዷችሁ ሠሪው እንዲከብድ ስለፈለገ ነው፤ ከክብደቱ የሚያተርፈው ሳንቲም የለም። ኦዲሲ ግን በሙሉ ዋጋ ተሸጦም ውስጡ ሱቅ አለው። ጌንሺን ኢምፓክት መግቢያው ነጻ ነው፤ እንጀራው ሱቁ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦብሊቪየን የተባለው ጌም የፈረስ ጥሩር በ2.50 ዶላር ሲሸጥ ዓለም ሁሉ ስቆበት ነበር። የፈረስ ልብስ በብር! ዛሬ የሚስቅ የለም።

ሁለቱንም ዋጋ ወደ ብር ለውጡ

ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እናስላው።

ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጡ ሳይመጣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ የኦዲሲው ማፍጠኛ 570 ብር አካባቢ ነው። አሁን ለሂሳብ እንዲመቸን ዶላሩን 150 እናድርገው። 1,500 ብር ሆነ። የጌም ቤቱን ሰዓት ደግሞ 60 ብር እንበል። 1,500 ብር ማለት 25 ሰዓት ነው። ስለዚህ ማፍጠኛው 25 ሰዓት ካላተረፈልኝ ከስሬያለሁ ማለት ነው።

50 በመቶ ሲባል ግማሽ ሰዓታችንን የሚያተርፍልን ይመስለናል። አይደለም። በ60 ደቂቃ የሚገኘው ኤክስፒ በ40 ደቂቃ ይገኛል። ትርፉ ሲሶ ነው። 25 ሰዓት ለማትረፍ ገና 75 ሰዓት ኤክስፒ የመልቀም ሥራ ሊቀርላችሁ ይገባል። በፈረስ መጋለቡ፣ በመርከብ መቅዘፉ፣ ሰዎቹ ሲያወሩ መስማቱ ደግሞ በማፍጠኛ አያጥርም። በዚያ ላይ ኦዲሲ ውስጥ እናንተ ሌቭል ስትጨምሩ ጠላቶቹም አብረው ያድጋሉ። ይኼንን ሂሳብ በስልኬ ካልኩሌተር ሠርቼ ስጨርስ ነው የተውኩት። ኮንሶል ቤቱ ያለው ሰው ደግሞ ሰዓቱ ብር ስለማያስከፍለው ጭራሽ አያዋጣውም።

እናንተም በራሳችሁ ቁጥር ሞክሩት። የዕቃው ዋጋ በብር፣ ሲካፈል የሰዓታችሁ ዋጋ። የሚወጣውን ሰዓት እዩና «ይኼን ያህል ያተርፍልኛል ወይ?» በሉ።

አቋራጩን ጌሙ ውስጥ ፈልጉ

ብዙ ሰው ግራይንድ ሲባል ጭራቅ መግደል ይመስለዋል። እንደ ጌሙ ነው። ዊቸር 3 ላይ ጭራቅ መግደል የሚሰጠው ኤክስፒ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ዋናው ያለው ኩዌስቱ (ጌሙ የሚሰጣችሁ ተልዕኮ) ላይ ነው። ግን ኩዌስቱ ከእናንተ ሌቭል 6 እና ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ በዝርዝሩ ላይ ግራጫ ይሆንና ኤክስፒው ይሟጠጣል። ስለዚህ ዝርዝሩን ከፍታችሁ ግራጫ ሊሆኑ የተቃረቡትን አስቀድሙ። ይኼን ሳላውቅ ስንቱን አቃጥያለሁ።

ሠሪዎቹም አቋራጭ ፈላጊውን ይከታተሉታል። ዊቸር 3 ሲወጣ ሰዎች መጀመሪያ ያለችው መንደር ላይ ላሞች እያረዱ ቆዳ ይሸጡ ነበር። ላም ማረድ፣ ትንሽ ማረፍ፣ ላሞቹ ሲመለሱ እንደገና ማረድ። ሠሪዎቹ ምን አደረጉ? በዝማኔ 1.05 ላይ ላም ሲበዛባችሁ ዘሎ የሚመጣ ግዙፍ ጭራቅ ጨመሩ። የላሞች መከላከያ ኃይል ዓይነት ስም አውጥተውለታል። እኔ ይህን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅሁት።

ኤልደን ሪንግ ላይ ደግሞ የታወቀ ወፍ አለ። ሞግዊን ቤተ መንግሥት የሚባለው ቦታ ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ከማዶ ያለውን ትልቅ ወፍ በቀስት ትመቱታላችሁ። ተናድዶ ወደ እናንተ ይሮጣል። መሀል ላይ ገደል አለ። ይወድቃል፣ 11,000 ያህል ሩን (ሌቭል የሚጨመርበት የጌሙ ገንዘብ) ይገባላችኋል። ማረፊያው ጋ ቁጭ ብላችሁ ስትነሱ ወፉ ቦታው ተመልሷል። እንደገና ቀስት። ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግን የሚያዝናና ነገር የለውም፣ እውነቱን ለመናገር ወፉም ያሳዝናል።

ሌላው የሚረሳ መንገድ ክብደቱን ዝቅ ማድረግ ነው። ኦዲሲ በመሀል መቀየር ይፈቅዳል። ጌም ቤት ውስጥ «ኢዚ» ላይ ስትጫወት የታየህ እንደሆነ ሙድ ይያዝብሃል፣ አውቃለሁ። ይያዝ። የሚከፍሉልኝ እነሱ አይደሉም።

ዕቃ ለመግዛት ካማራችሁ ደግሞ ስሙን መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። ድራገንስ ዶግማ 2 እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሲወጣ ብዙ ሰው የጮኸው ሱቁ ውስጥ በዶላር የተደረደረውን አይቶ ነበር። አብዛኛው ግን እዚያው ጌም ውስጥ በመጫወት የሚገኝ ነው።

የዕጣ ጌም ከሆነ

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን አራት ኪሎ እናቴ ቤት ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «ጋሼ፣ 100 ዶላር ስንት ብር ነው?» አለኝ። ደነገጥኩ። ጌንሺን ነው።

ጌንሺን ውስጥ ገጸ ባሕርይ የምታገኙት በዕጣ ነው። ከፍተኛው ደረጃ፣ ባለ አምስት ኮከብ፣ የመውጣት ዕድሉ 0.6 በመቶ ነው፤ ከ1,000 ዕጣ 6 ማለት። ፋቅ ፋቅ ሎተሪ በሉት። ሆኖም አንድ ወሰን አለው። 90ኛው ላይ የግድ ባለ አምስት ኮከብ ይሰጣችኋል። እዚህ ላይ እቁብ ይመስላል፤ ዕጣው ይዘገያል እንጂ አይቀርም። እቁብ ግን የከፈላችሁትን ይመልሳል፣ ዳኛውም ጎረቤታችሁ ነው። እዚህ ደግሞ የወጣው ባለ አምስት ኮከብ የፈለጋችሁት ላይሆን ይችላል። ካልሆነ የሚቀጥለው የግድ እሱ ነው። በክፉ ቀን ታዲያ 180 ዕጣ።

አንዱ ዕጣ 160 ፕራይሞጄም (የጌሙ ገንዘብ) ነው። 180 ሲባዛ በ160፣ 28,800። ትልቁ ጥቅል 100 ዶላር ገደማ ሆኖ የመጀመሪያ ግዢ ጉርሻውን ትተን 8,080 ይሰጣል። አራት ጥቅል፣ 400 ዶላር። በያዝነው ምንዛሪ 60,000 ብር። ለአንድ የሥዕል ሰው! ልጁን ወረቀት ላይ አጽፌ ራሱ እንዲያባዛ አደረግኩት። አባዝቶ ሲጨርስ ቁጥሩን ደግሞ ቆጠረው።

ሂሳቡ እንዲህ የተጠማዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ዶላሩ ክሪስታል ይሆናል፣ ክሪስታሉ ፕራይሞጄም፣ ፕራይሞጄሙ ቲኬት። ትንሹ ጥቅል 60 ነው፤ አንድ ዕጣ 160። ስለዚህ ሦስት ገዝታችሁ 20 ይተርፋችኋል፣ የተረፈው ደግሞ ሌላ ያስገዛችኋል። መርካቶ ውስጥ ነጋዴ በማታውቁት ገንዘብ ዋጋ ቢጠራላችሁ «በብር ስንት ነው?» ትሉ የለ? እዚህም በሉ።

ሳይከፍሉ ለመጫወት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። የቀን ሥራዎቹ 60 ፕራይሞጄም ይሰጣሉ። በእነሱ ብቻ 90 ዕጣ ለመድረስ 240 ቀን ነው፤ ሣጥንና ዝግጅት ሲጨመር ያጥራል። አዲስ ገጸ ባሕርይ በወጣ ቁጥር ዕጣ አትሳቡ። አንድ የምትፈልጉት ምረጡና እስኪመጣ አጠራቅሙ። ሬዚን የሚባለው ጉልበት በየ8 ደቂቃው አንድ ይጨምራል፣ 200 ላይ ይሞላል። ከባዶ እስኪሞላ 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ይኼ ማለት በቀን አንዴ መግባት ይበቃል። ሌሊት መነሳት አያስፈልግም፤ እንቅልፋችሁን ተኙ።

ስልኩ የልጅ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ውስጥ እያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አድርጉት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የጌንሺን አከፋፋይ ከፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቶ 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የዕጣ ሣጥን ላለመሸጥ ቃል ገብቷል። እኛ ጋ ያለው ኮሚሽን እናትና አባት ናቸው።

መክፈል ግድ ከሆነ

የፕሌይስቴሽን አካውንት ስትከፍቱ የአገር ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያን አታገኙም። ስለዚህ ሰው የአሜሪካ ወይም የሌላ አገር አካውንት ከፍቶ ካርድ ከቴሌግራም ሻጭ በቴሌብር ይገዛል። የካርዱ አገርና የአካውንታችሁ አገር አንድ ካልሆነ ኮዱ አይሠራም። የአሜሪካ አካውንት ከሆነ የአሜሪካ ካርድ። «ፓስወርድህን ስጠኝ እኔ እሞላልሃለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ሽሹ። ከመጠን በላይ የረከሰ ክሪስታልም እንደዚሁ፤ በተሰረቀ ካርድ የተከፈለ ከሆነ ባለካርዱ ገንዘቡን ሲያስመልስ ክሪስታሉ ከእናንተ ይነጠቃል።

ሴቫችሁን ጠብቁ

ይኼ ላይ ሆዴ ይባባል። የምጫወትበት ቤት መጀመሪያ ፒያሳ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ካዛንቺስ ሄደ። ካዛንቺስም ሲፈርስ ወደ ስታዲየም መጣ። ሴቬ (የደረስኩበት የተመዘገበበት ፋይል) ኮንሶሉ ውስጥ ስለነበር ሁለቱንም ጊዜ በካርቶን ታሽጎ አብሮ ተጓዘ። ሁለት ፍርስራሽ የተረፈውን ሴቭ አንድ ቅዳሜ ማን እንደሆነ ያላወቅነው ደንበኛ አዲስ ጌም ጀምሮ ላዩ ላይ ሴቭ አደረገበት። ሌቭል 31 ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ የራሴ ዩዘር አለኝ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሴቩን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል፣ ስወጣ ገልብጬ ኪሴ እከተዋለሁ። ፕሌይስቴሽን 5 ግን የራሱን ጌሞች ሴቭ ወደ ፍላሽ አያወጣም፤ ለእሱ የሚከፈልበት የክላውድ አባልነት ያስፈልጋል። መብራት ድንገት ስለሚሄድም ትልቅ ውጊያ ከመግባታችሁ በፊት በእጃችሁ ሴቭ አድርጉ።

የእህቴን ልጅ ነገር ሳልጨርስ። አራት ወር አጠራቅሞ ሳበ። በ78ኛው ባለ አምስት ኮከብ ወጣለት፤ ቺቺ ሆነች። ቺቺ ማንም የማይፈልጋት ትንሽ ልጅ ናት። ፊቱ ጠቆረ፣ ግን የሚቀጥለው የግድ የፈለገው እንደሚሆን ያውቃል። ተጫዋቾች እየቆጠሩ እንዳወቁት ደግሞ ከ74 ገደማ ጀምሮ ዕድሉ ከፍ ይላል። ባለፈው እሑድ ቡና ሲፈላ ስልኩን አሳየኝ። ከቺቺ ወዲህ 71 ደርሷል፣ እጁ ላይ 40 ፕራይሞጄም አለ። የዚያን ዕለት ሥራውን ጨርሷል። «ነገ 100፣ ከነገ ወዲያ 160» አለኝና ስልኩን ገልብጦ አስቀምጦ ፈንዲሻ መብላቱን ቀጠለ።