ሳይክል እንደገና ለጀመሩ ሰዎች፦ ኮርቻው ሲቆረቁር የሚሠሩ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ለሳይክል የምትመች ከተማ ናት። ሜዳ ስለሚበዛት ከቤት ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ገበያ በፔዳል መድረስ ይቻላል። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ናትና ከፒያሳ ትንሽ እልፍ ሲሉ ወይ አቀበት ወይ ቁልቁለት ይገጥምዎታል። በሁለቱም ከተሞች ግን አንድ ደስ የሚል ነገር እያየሁ ነው። በልጅነታቸው ሳይክል በሰዓት ተከራይተው የነዱ፣ ኋላ ሥራና ትዳር ይዟቸው የተዉት ሰዎች እየተመለሱ ነው። አንዳንዱ ለጤናው ብሎ፣ አንዳንዱ የባጃጅ ሒሳብ ከብዶት።

የሚያሳዝነው ብዙዎቹ ሳይቆዩ መልሰው ይተዉታል። ለምን ሲባሉ «ኧረ መቀመጫው ገደለኝ» ይላሉ። ሳይክሉም ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ለብሶ ይቀራል። በጣም የሚቆጨኝ ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቁልፍና በትንሽ ትዕግሥት የሚስተካከል መሆኑ ነው። ኮርቻ ለመቀየር ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እነዚህን ስህተቶች አንድ በአንድ ይዩልኝ።

በጣም ለስላሳውን መምረጥ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሱቅ ገብተን ኮርቻውን በአውራ ጣት ጫን እናደርገዋለን። ስምጥ ካለ «ይሄ ይመቻል» ብለን እንገዛለን። አውራ ጣት ግን የሰውን ክብደት አያውቅም።

ስንቀመጥ የሚሸከሙን የዳሌ አጥንት ታችኛው ጫፍ ላይ ያሉ ሁለት ጉብታዎች ናቸው። ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጅዎን ከሥር ቢያስገቡ ያገኟቸዋል። እነዚህ አጥንቶች ጫና ይችላሉ። በመካከላቸው ያለው ለስላሳ ሥጋ ግን ነርቭና የደም ሥር የሚያልፍበት ስለሆነ ጫና አይወድም። ስፖንጁ ሲበዛ አጥንቶቹ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ። መሃል ላይ ያለው ስፖንጅ ደግሞ ወደ ላይ ይነሳና ያንኑ መነካት የሌለበትን ቦታ ይገፋል። ትራስ የሚመስለው ኮርቻ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎ ቆየት ሲል የሚያሰቃየው ለዚህ ነው። ከላይ የሚለበሰው የጄል ሽፋንም ከዚህ አይለይም። በዚያ ላይ ይንሸራተታል።

ይህ ሲባል ሰፊና ባለ ሞላ ኮርቻ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እንደ ፊኒክስ ባሉ ቀጥ ተብሎ በሚቀመጥባቸው ሳይክሎች ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ሰፊው ይስማማል። ጎንበስ ብለው በሚነዱት ማውንቴን ላይ ከተገጠመ ግን ጭን እየፈተገ ቆዳ ይልጣል።

ስፋቱን ሳይለኩ መግዛት

ጓደኛን ስለተስማማው ብቻ ያንኑ ኮርቻ መግዛት የተለመደ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ርቀት ግን ከሰው ሰው ይለያያል፣ ከውጭም አይታይም። ወፍራሙ ሰው ጠባብ፣ ቀጭኑ ሰፊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሴቶች በአማካይ ሰፋ ይላል፤ ቢሆንም «የሴት» ተብሎ የተሸጠ ሁሉ ለሴት፣ «የወንድ» የተባለ ሁሉ ለወንድ ልክ አይሆንም።

ልኬቱ ቤት ውስጥ ይሠራል። ከሱቅ የተረፈ ካርቶን፣ ያ በመሃሉ የተጣጠፈ ወረቀት ያለበትን ይውሰዱ። ጠንካራ ዱካ ወይም ደረጃ ላይ ያንጥፉት። ስስ ልብስ ለብሰው ይቀመጡበት። ጉልበትዎ ከዳሌዎ ትንሽ ከፍ እንዲል እግርዎን አንድ ነገር ላይ ያሳርፉ። ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ደገፍ አድርገው ጎንበስ ይበሉና ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ተነስተው ካርቶኑን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ሁለት የሰመጡ ክቦች ይታያሉ። ካልታዩም በጣትዎ ዳበስ ያድርጉት፤ ዓይን የሳተውን ጣት ያገኘዋል። የእያንዳንዱን ክብ መሃል በእርሳስ ነጥብ አድርገው ከነጥብ እስከ ነጥብ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ።

ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎንበስ ብሎ የሚነዳ ሰው በዚህ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይጨምርበት፤ ቀጥ ብሎ የሚነዳ 3 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ። 12 ከመጣልዎ ከ14 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ኮርቻ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ኮርቻው የሚለካው ከኋላ፣ በጣም ሰፊው ቦታ ላይ ነው። ሜትሩን ኪስዎ ከተው ሱቅ ይሂዱ። ሻጩ ግር ቢለውም ግድ የለም፣ ይለኩ።

እግር መሬት እንዲነካ ብሎ ኮርቻውን ማውረድ

ለዓመታት ያልነዳ ሰው ይፈራል። ከኋላ ባጃጅ፣ ከጎን ሲኖትራክ እያለ እግር ቶሎ መሬት ቢነካ ማን ይጠላል? ስለዚህ ኮርቻውን እስከ ታች ያወርዱታል። ችግሩ ክብደታችን ለሦስት የሚከፈል መሆኑ ነው፦ ለእግር፣ ለእጅና ለመቀመጫ። ኮርቻው ዝቅ ሲል እግር ፔዳሉን በደንብ መግፋት አይችልም፤ የእግር ድርሻ ወደ መቀመጫ ይዞራል። ጉልበትም ከልክ በላይ እየታጠፈ ከፊት ለፊቱ ማመም ይጀምራል። ያኔ ሰውየው ጥፋቱን ኮርቻው ላይ ይጥላል።

ግድግዳ ይደገፉና ኮርቻው ላይ ይቀመጡ። አንዱን ፔዳል እስከ ታች አውርደው ተረከዝዎን ያሳርፉበት። እግርዎ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። ሲነዱ የሚረግጡት በተረከዝ ሳይሆን በእግርዎ የፊት መዳፍ ስለሆነ ጉልበትዎ ትንሽ እጥፋት ይቀረዋል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። በቁጥር ማረጋገጥ የሚወድ ሰው ጫማውን አውልቆ ከጉያው፣ ማለትም ሁለቱ እግሮች ከሚገናኙበት፣ እስከ መሬት ይለካና በ0.883 ያባዛው። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ይህም የፔዳሉ ክንድ ከሚዞርበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው።

ከልክ በላይ ከፍ ማድረግም ያው ጉዳት አለው። ከኋላ የሚያይዎ ሰው ዳሌዎ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ካስተዋለ ትንሽ ያውርዱት፤ ያ መወዛወዝ ነው ቆዳ የሚያቆስለው። ኮርቻው የቆመበት ቱቦ ላይ ደግሞ ከዚህ በላይ አይውጣ የሚል መስመር አለ። መስመሩ ከታየ ቱቦው አጭር ነው፣ ይቀየር። መቆም ሲፈልጉ እዚያው ተቀምጠው መሬት ለመንካት አይንጠራሩ። ከኮርቻው ወደ ፊት ወርደው አንድ እግር ያሳርፉ። መኪና በሌለበት ሜዳ ጥቂት ከተለማመዱት ፍርሃቱ ይለቃል።

የፊቱን ጫፍ ችላ ማለት

ጎንበስ ብለው ከኮርቻው ሥር ይመልከቱ። በብዙዎቹ ሳይክሎች ላይ ኮርቻውን ከቱቦው ጋር ያያዘው ማሰሪያ ጥርስ ጥርስ ያለው ክብ ብረት ነው። ግራና ቀኝ በብሎን ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜ በ13 ወይም በ14 ቁልፍ ይፈታል። ብሎኑ ሲላላ ጥርሶቹ ይሾልካሉ። ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ የዋለ ኮርቻ አንድ ጥርስ ያህል ይዞራል፤ ባለቤቱም ሳያውቀው ይከርማል።

የፊቱ ጫፍ ቀና ካለ ያንን ለስላሳ ሥጋ ይወጋል። ሰው ይህ ሲያመው ጫፉን በጣም ይደፋዋል። አሁን ደግሞ ሰውነቱ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ክብደቱን እጁ ይሸከማል፤ የእጅ አንጓና ትከሻ ይታመማሉ። መነሻው ለጥ ያለ ኮርቻ ይሁን። ግንበኛ ጎረቤት ካለዎት ውሃ ልኩን ይዋሱ። በተለይ ደሴ ግቢው ራሱ ዘንበል ያለ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሳይክሉ የቆመበትን ወለል ይለኩ። ብሎኑን ኮርቻው የሚዞርልዎትን ያህል ብቻ አላልተው አንድ ጥርስ ያዙሩ፣ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ ያጥብቁ፣ ነድተው ይሞክሩት።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ነገር አለ። መደንዘዝን «ይለመዳል» ብሎ ማለፍ አይገባም። አጥንቱ ላይ የሚሰማ ሕመም በእርግጥ ይለመዳል፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ቀለል ይላል። ድንዛዜ ግን ነርቭ ተጭኗል ማለት ነው። ከተሰማዎት ይውረዱ፣ በእግርዎ ጥቂት ይሂዱ፣ ጫፉንና ቁመቱን ይፈትሹ። ከወረዱ በኋላም ካልለቀቀዎት፣ ወይም ሽንት ሲሸኑ ካመመዎት ሐኪም ያማክሩ። የሚታፈርበት ነገር አይደለም፤ ተደብቆ መቆየቱ ነው የሚጎዳው።

በዚያው ማሰሪያ ኮርቻው ወደ ፊትና ወደ ኋላም ይሄዳል። መሪውን ለመያዝ የሚንጠራሩ ከሆነ ትንሽ ወደ ፊት ይሳቡት፤ ጉልበትዎ መሪው ጋ የሚደርስ ከመሰለዎት ደግሞ ወደ ኋላ።

የልብሱን ስፌት መርሳት

ጂንስ ሱሪ አራት ስፌት የሚገናኝበት ወፍራም ቋጠሮ አለው፤ እሱም የሚያርፈው በትክክል ኮርቻው ላይ ነው። የኮምቦልቻ ሙቀትና ላብ ሲጨመርበት ቆዳው ይቆጣል። ለስላሳ ስፌት ያለው የስፖርት ሱሪ ይሻላል። ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ካገኙ ከውስጡ ፓንት አይለበስም፤ ፓንት ከተጨመረ የሸሸነውን ስፌት መልሰን አመጣነው። ከላይ ሰፊ ሱሪ ወይም ቀሚስ መደረብ ይቻላል። ሲደርሱም በላብ በረጠበ ልብስ ቁጭ ብለው አይዋሉ።

ጎማውን ከልክ በላይ መንፋት

የመንገዱ ንዝረት መጀመሪያ የሚያልፈው በጎማው ነው። ጎሚስታ ጋ የመኪና ኮምፕሬሰር በአንድ ትንፋሽ የሳይክል ጎማን ድንጋይ ያደርገዋል። ያ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ እያንዳንዱን ድንጋይ ለመቀመጫዎ ያደርስልዎታል። ጎማው ጎን ላይ ብዙ ጊዜ ከዚህ እስከዚህ ይነፋ የሚል ቁጥር ተጽፏል። ኮብልስቶን የሚበዛበት ሰፈር የሚነዱ፣ ክብደትዎም መካከለኛ ከሆነ ወደ ታችኛው ቁጥር ይጠጉ። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ወይም ጉድጓድ ሲመጣም ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርገው፣ ጉልበት አጠፍ አድርገው ከኮርቻው ብድግ ይበሉ። ሜዳ ላይም ቢሆን በየአሥር ደቂቃው ትንሽ ብድግ ማለት ደም ያዘዋውራል።

በመጀመሪያው እሁድ ሐረጎን መውጣት

ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ ተራራ በኩል ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላሉ መንገዱ አቀበት ነው። አቀበት ላይ ቀስ ተብሎ ስለሚነዳ ሰው ሳይነሳ ረጅም ሰዓት ይቀመጣል፤ ወደ ኮርቻው ጫፍም ይንፏቀቃል። ጥሩ ኮርቻ እንኳ በዚህ ቀን መጥፎ ይመስላል። ገና የተመለሰ ሰው በከተማው ሜዳ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነድቶ በማግስቱ ይረፍ፤ ሰዓቱን ቀስ በቀስ ይጨምር። ሐረጎ የትም አይሄድም።

ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር

አዲስ ኮርቻ፣ አዲስ ቁመት፣ አዲስ ቁምጣ በአንድ ጠዋት ከተጀመረ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም። አንዱን ቀይረው ጥቂት ቀን ይንዱበት። ሕመሙ የት እንደሆነም ያስተውሉ። አጥንቱ ላይ ብቻ ከሆነ ጊዜ ይስጡት። መሃል ላይ ከሆነ ጫፉንና ስፋቱን ያስተካክሉ። ጭን ውስጥ የሚፈትግ ከሆነ ወይ ኮርቻው ሰፍቷል ወይ ቁመቱ በዝቷል። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ኮርቻው ተጣሞ ወይም ከሥሩ ያለው ብረት ጎብጦ ሊሆን ይችላል፤ የጎበጠ ብረት በማስተካከል አይድንም፣ ኮርቻው መቀየር አለበት።

ሳይክሉን ልጅዎ ወይም ወንድምዎ የሚጋራዎ ከሆነ ደግሞ ያገኙት ቁመት በማግስቱ ይጠፋል። ቱቦው ላይ በጥፍር ቀለም ወይም በቴፕ የየራሳችሁን ምልክት ያድርጉ፤ ከመነሳትዎ በፊትም ኮርቻውን ወደ ምልክትዎ መልሰው ብሎኑን ያጥብቁ።