ለአዲስ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች፦ በእርከን ሥራ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በየዓመቱ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ክፍት ሲሆን፣ ከጥር ጀምሮ፣ አርሶ አደሩ ዶማና አካፋውን ይዞ ለተፋሰስ ልማት ይወጣል። ጉልበቱን የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው፤ የሚቆፈረውም መሬት ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ሀብቱ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም መረጃ ላይ ተመሥርቶ የወጣው የታወቀ ግምት እንደሚያመለክተው፣ ከአንድ ሄክታር የሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል፤ ይህም ከማሳው ገጽ ላይ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ተላጠ ማለት ነው። ይህን ለማስቆም የወጣን ሕዝብ የሚመራ ባለሙያ፣ አንድም ቦይ ከመቆፈሩ በፊት ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። ከዚህ በታች የማነሣቸው አብዛኞቹ ስህተቶች ይህ ሳይታወቅ ሥራ ከመጀመር የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው በዓይን መቀየስን ነው፤ ምክንያቱም በየዓመቱ አየዋለሁ፣ በየዓመቱም ማሳ ሲያጠፋ አየዋለሁ። የቅየሳ መሣሪያው ቀላል ነው፦ እኩል ምልክት ያላቸው ሁለት ዘንጎች፣ አሥር ሜትር ገመድ እና በገመዱ መሃል የሚንጠለጠል ውሃ ልክ። ሆኖም መሣሪያው ቀላል ስለሆነ ብቻ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ገመዱ ረግቦ፣ ውሃ ልኩ ከመሃል ሸሽቶ፣ ዘንጉ በድንጋይ ጫፍ ወይም በእርሻ ትልም ውስጥ ቆሞ ይለካል፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲጠብቅ ደግሞ ገመዱም ይጣልና «እንዲህ በዚህ በኩል ሂዱ» በሚል የእጅ ምልክት ይቆፈራል። በእያንዳንዱ አሥር ሜትር ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ ብንሳሳት፣ በ80 ሜትር እርከን ላይ ስህተቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የእርከኑ ከፍታ ግን ከተጠቀጠቀ በኋላ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። በእርከኑ ሙሉ ርዝመት የተጠራቀመው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሰበሰባል፣ እዚያ ይዘልላል፣ ይሰብራል፣ ከዚያም ከታች ያለውን እርከን በአንድ ነጥብ ይመታዋል። ሁለተኛው ሲሰበር ሦስተኛው የሁለቱን ውሃ ይቀበላል። በአንድ ቀበሌ እንዲህ በተከታታይ የተሰበሩ እርከኖች የጤፍ ማሳ መሃል ለመሃል ሰንጥቀውት ነበር፤ በፊት ቦረቦር ባልነበረበት ቦታ ወገብ የሚደርስ ቦረቦር ተከፍቷል። የማሳው ባለቤት ለወጣቱ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የተናገሩት ከአእምሮዬ አይወጣም፦ «ልጄ፣ ውሃው ድሮ ተበትኖ ነበር የሚወርደው፤ እናንተ ሰብስባችሁ ላካችሁብኝ።» ልጁ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም፤ እውነቱ የእርሳቸው ነበርና።

መፍትሔው ቅየሳውን ከዘመቻው መለየት ነው። መስመሮቹ ሕዝቡ ከመውጣቱ በፊት፣ በታኅሣሥ፣ በሠለጠኑ ቀያሽ አርሶ አደሮች ተለክተው በችካል ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውሃ ልኩን በገመዱ ላይ አዙሮ በመስቀል ሁለቱም ንባብ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ መሣሪያው ይቀየር። ቀያሹ አልጨረሰም ብላችሁ ሕዝቡን አንድ ቀን ብታሳርፉት፣ ለበላይ አካል የምትሰጡት ማብራሪያ ከተሰበረ እርከን ይቀልላል።

ሁለተኛው ስህተት ከታች መጀመር ነው። ለጎብኚ እንዲታይ ሲባል ከመንገድ ዳር ያለው ተዳፋት ቀድሞ ይሠራል፤ ጎርፉ የሚነሣበት የተራራው ራስ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ይተዋል። ሥራ ከተፋሰሱ አናት ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለቦረቦርም ቢሆን ደንቡ ይኸው ነው። ከላይ ያለው መሬት ሳይታከም በቦረቦር ውስጥ የሚደረደር ክትር (የጎርፉን ጉልበት የሚሰብር የድንጋይ ግድብ)፣ በሽቦ መረብ የታሰረ ጋቢዮንም ቢሆን፣ ብዙ ክረምት አይሻገርም። ክትር ስትሠሩ ደግሞ መሃሉን ዝቅ አድርጋችሁ ውሃው የሚያልፍበትን መተላለፊያ ተዉለት፣ ሁለቱን ክንፎች ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ አስገቡ፣ ውሃው የሚያርፍበትንም ወለል በድንጋይ አንጥፉ። አናቱ ቀጥ ያለ ክትር ውሃውን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ በዓመቱ ክትሩ ብቻውን ቆሞ ወንዙ በጎኑ ያልፋል።

ሦስተኛው፣ ለሁሉም መሬት አንድ ዓይነት እርከን ማዘዝ ነው። ዝናብ በሚያጥርበት አካባቢ ውሃን የሚያቁር ደልዳላ እርከን ተገቢ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፣ በተለይም ውሃ በሚይዝ ጥቁር የዋልካ መሬት ላይ፣ ያው እርከን ሰብሉን በውሃ ያሰጥመዋል። በአንጀኒና በመሳሰሉት የምርምር ጣቢያዎች የታየው ይኸው ነው፤ እርከኑ የአፈሩን መታጠብ ቢቀንስም፣ ዝናብ በበዛበት ቦታ ምርቱን ወዲያው አላሳደገም፤ ውሃ መተኛትም ከችግሮቹ አንዱ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ እርከኑ ከአንድ በመቶ ያልበለጠ ዝንባሌ ኖሮት ውሃውን ቀስ እያለ ማስወጣት አለበት። የሚያስወጣበት መውረጃ ቦይ ደግሞ ቀድሞ ተሠርቶ ሣር የያዘ መሆን ይገባዋል። መውረጃ ሳይዘጋጅ የጎርፍ መቀልበሻ መቆፈር የጎረቤትን ማሳ ማጥፋት ነው፤ በዚህ ምክንያት ሽማግሌ የተቀመጠባቸው ብዙ ጠቦች አሉ። አርሶ አደሩ በእርሻው ላይ ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ ማስወጫ ትልም፣ የሚያወጣው ውሃውን ስለሚያውቀው ነው። አንዳንዱ ፈሰስ ቁልቁል ሲበዛበት አፈር እንደሚወስድ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለምን እዚያ እንዳወጣው ሳትጠይቁ አትድፈኑበት። በክረምት ሌሊት ወጥቶ እርከን የሚያፈርስ አርሶ አደር ብዙውን ጊዜ ፀረ ልማት ሳይሆን ሰብሉ እየሰጠመበት ያለ ሰው ነው።

በቦዩና በአፈር ክምሩ መካከል 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረጃ ካልተተወ፣ ክምሩ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ቦዩን ይሞላዋል። ክምሩንም እየረገጡ ማጥበቅ ሊዘለል አይገባም።

እርከን መሬት እንደሚወስድ አለመናገር ሌላው ስህተት ነው። የክምሩ ግርጌ 1.2 ሜትር፣ ቦዩ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ደረጃው 25 ሴንቲ ሜትር ሲደመሩ ሁለት ሜትር ያልፋሉ። ተዳፋቱ አሥር በመቶ በሆነ ማሳ ላይ፣ በእርከኖቹ መካከል የአንድ ሜትር ተኩል የከፍታ ልዩነት ከተወሰደ፣ እርከኖቹ በየ15 ሜትሩ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ከማሳው 14 በመቶ ገደማ ከእርሻ ውጭ ይሆናል። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ይህን ሲያሰላ ዝም ማለቱን እንደ ስምምነት አትውሰዱት። የተወሰደበት መሬት ሊመለስለት የሚችለው ክምሩ መኖ ሲያበቅል ነው። ዝናቡ እንደገባ ዴሾ ወይም ቬቲቨር ሣር፣ በደጋው ትሪ ሉሰርን፣ ሞቅ ባለው አካባቢ የእርግብ አተር ይተከልበት። ዴሾ ለከብት መኖ ይሆናል፤ ቬቲቨር ግን ይበልጥ የሚጠቅመው አፈር በመያዝ ነውና፣ ምርጫውን ከባለማሳው ጋር አድርጉ። ችግኙና ግንጣዩ በጣቢያው ሳይዘጋጅ ሐምሌ ከደረሰ ዓመቱ አለፈ።

የተተከለውም ቢሆን ልቅ ግጦሽ ካልቆመ አይቆይም። ይህን የምለው በቁጣ አይደለም፤ ከብቱ መኖ ይፈልጋል፣ ባለቤቱም አማራጭ ይፈልጋል። የመተዳደሪያ ደንቡ በጽሕፈት ቤት ተረቅቆ ማኅተም ተመትቶበት ሲወርድ ማንም አይጠብቀውም። ማኅበረሰቡ ተሰብስቦ ቅጣቱን፣ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ፣ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ በሆነው ቦታ ያለው ሣር ለማን እንደሚከፋፈል ራሱ ሲወስን ግን ይጠበቃል። በተለይ መሬት የሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች ድርሻ ካላገኙ፣ ጥበቃው በዘበኛ ደመወዝ ላይ ይንጠለጠላል፤ ደመወዙ ሲቋረጥ ደግሞ ቦታው ለግጦሽ ይከፈታል።

የመጨረሻው ስህተት በሪፖርቱ ውስጥ ነው። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ ብለን እንልካለን፤ ስንቱ ክረምቱን እንዳለፈ ግን የምንሞላበት ሠንጠረዥ የለንም። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ የእርከን መልክዓ ምድር ለብዙ ትውልድ የዘለቀው፣ የፈረሰውን ካብ መልሶ መካብ ለማኅበረሰቡ የተለመደ ሥራ ስለሆነ ነው። በእኛ ዕቅድ ውስጥ ግን ጥገና ከአዲስ ሥራ እኩል አይቆጠርም፤ አዲሱን ለማብዛት ሲባል የዓምናው ይረሳል። በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል በማሳው ውስጥ ሁኑ፤ ውሃው የተኛበትን፣ የዘለለበትን፣ የሰበረበትን ቦታ በችካል ምልክት አድርጉና በመዝገብ ያዙ። በአካፋ ሊደፈን የሚችለውን ከባለማሳው ጋር በዚያው ሳምንት ድፈኑት። የተረፈውን ደግሞ፣ ሪፖርቱ ላይ ኪሎ ሜትር ባይጨምርም፣ የሚቀጥለው ጥር የመጀመሪያ ሥራ አድርጋችሁ በዕቅዱ ላይ አስፍሩት።