ሁለቱ አንቴናዎች ተጠጋግተው ነበር
ፍኖተ ሰላም፣ ሱቃችን ጣሪያ ላይ፣ ለፎርጂ ራውተሩ ሁለት የውጭ አንቴና ሰቀልኩ። ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን ይንቀራፈፋል። አራት ቀን ፈጀብኝ።

ሲም ቀየርኩ፣ ምንም። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ያው ነው። አንቴናዎቹን ከፍ ሳደርጋቸው ደግሞ የሲግናሉ ቁጥር ጨመረ እንጂ ፍጥነቱ ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ አንዱን አንቴና ነቅዬ ስሞክር ፍጥነቱ ምንም አልቀነሰም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሁለቱን አንድ ቧንቧ ላይ፣ በመካከላቸው ሦስት ጣት እንኳ በማይገባበት ርቀት አስሬያቸው ነበር። እንዲህ ሲጠጋጉ የአንዱ ኃይል ሌላው ውስጥ ይገባል፣ የሚቀበሉትም ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ራውተሩ ሁለት የተለያየ ዳታ ባንድ ጊዜ ማውረድ ያቅተዋል።

ራውተሬ የያዘው ባንድ (የሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ ክልል) 1800 ሜጋኸርዝ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ቢያንስ የዚህን ግማሽ መራራቅ አለባቸው። እኔ አግድም እንጨት መትቼ 50 ሳንቲ ሜትር አራራቅኋቸው፣ ከዚያ አንዱን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን 45 ዲግሪ ወደ ግራ አዘነበልኩ። የሲግናሉ ቁጥር እንደነበረ ነው፤ ፍጥነቱ ግን እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። የእናንተ ባንድ 800 ከሆነ ሞገዱ 37 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነ ይበልጥ አራርቋቸው።