ባትሪው ሲሞላ የውሃ ፓምፑ በራሱ እንዲነሳ ማድረግ

በሱሉልታ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ ጣሪያው ላይ ሶላር የሰቀለ ሰው በበጋ ባትሪው ቀትር ሳያልፍ ይሞላለታል። ከዚያ በኋላ ፓኔሉ ፀሐይ እየመታው ሥራ ፈትቶ ይውላል። ይህን ትርፍ ለመጠቀም ባትሪውን እየተከታተለ ሌላ ዕቃ የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌይ መግጠም ይበቃል።

መጀመሪያ ዕቃውን ምረጡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አይታሰብም፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ትንሽ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ዕቃ) አይችለውም። እኔ የምመርጠው ውሃ ወደ ላይኛው ሮቶ የሚገፋ ፓምፕ ነው፤ ቀን የወጣ ውሃ ማታ ያለ መብራት ይወርዳል። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ እንኳ ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባልና ኢንቨርተሩ መቻሉን አረጋግጡ።

ቀጥሎ የባትሪውን ዓይነት ለዩ። ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ። ቻርጅ ላይ ሳለ ግን ቮልቱ ያታልላል፤ 14.4 ደረሰ ማለት ሞላ ማለት አይደለም። የሚገባው አምፔር ቀስ በቀስ እየቀነሰ ገና ሰዓታት ይፈልጋል። 14.4 እንደነካ ፓምፑን ካስነሳችሁ ባትሪው በደንብ ሳይሞላ ይከርማል፣ ሰልፌት ይይዛል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ስለዚህ ሪሌዩን እንዲህ አስተካክሉ፦ ቮልቱ ከ14.2 በላይ ለ1 ሰዓት ሲቆይ ያብራ፣ ከ12.7 በታች ለ2 ደቂቃ ሲቆይ ያጥፋ። ሪሌዩ ይህን ያህል መጠበቅ ካልቻለ ታይመር ይጨመርበት። ሁለት ደቂቃዋ ፓምፑ ሲነሳ ወይም ደመና ሲያልፍ ቮልቱ ለአፍታ ቢወርድ እንዳይጠፋ ናት። ሁለቱን የቮልት ቁጥሮች ማቀራረብ ሪሌዩን ሲበራ ሲጠፋ ያውለዋል። አንድ ሰዓቱንም አታርዝሙት፤ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር መሙላቱን ሲጨርስ ቮልቱን ወደ 13.6 አካባቢ ያወርደዋል፣ ያኔ ፓምፑ ጨርሶ አይነሳም። ባለ 24 ቮልት ከሆነ የቮልት ቁጥሮቹን በሁለት አባዙ።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ላይ ይህ አይሠራም፤ 40 በመቶ ላይም 70 በመቶ ላይም ቮልቱ 13.2 አካባቢ ነው። ለእሱ አምፔር የሚቆጥር ሻንት ያለው መቆጣጠሪያ ግዙና 95 በመቶ ላይ እንዲያበራ፣ 85 ላይ እንዲያጠፋ አድርጉ። ሻንቱ ኔጌቲቭ ላይ ይገባል፤ ሻንቱን አልፎ በቀጥታ ባትሪው ላይ የታሰረ አንድ ገመድ እንኳ ቆጠራውን ያበላሻል።

የሪሌዩን የመለኪያ ገመድ በትንሽ ፊውዝ በኩል ባትሪው ራስ ላይ እሰሩ እንጂ ኢንቨርተሩ ጋ አትሰሩ። ፓምፑን ሪሌዩ በቀጥታ አይቁረጠው፤ ሪሌዩ ኮንታክተር (ከባድ ጭነት የሚችል ማብሪያ) ያስነሳ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን ያብራ። የ220ውን ገመድ ለኤሌክትሪሻን ተዉለት። ሮቶው ሲሞላ የሚያቆም ተንሳፋፊ ማብሪያም አይረሳ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ ሲጠፋ ፓምፑ ለቀናት ላይነሳ ይችላል። ቅንብሩን ከመነካካት በእጅ የሚበራ ማብሪያ ጎን ለጎን ማስገጠም ይሻላል።