ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ወደ ስራ እንዴት እንመለስ?

ሲቲ ስካን ተነስታችሁ «ንፁህ ነው» ተብላችሁ ቤት ገብታችኋል፣ ግን አንዷን ኢሜይል 3 ጊዜ አንብባችሁም ምን እንደምትል አልገባችሁም። አላበዳችሁም። ሲቲ በደንብ የሚያሳየው ደም መፍሰስና ስብራት ነው እንጂ በምቱ የተሳቡትን ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አይደለም፣ እነሱ እስኪያገግሙ ደግሞ አእምሮ ለቀላሉ ስራም ብዙ ጉልበት ያወጣል።

1. የመጀመሪያዎቹን 24-48 ሰአት እረፉ። ሳምንት ሙሉ ጨለማ ክፍል ተኙ የሚባለው የድሮ ምክር ነው፣ ከ2 ቀን በኋላ ቀለል ያለ የእግር እርምጃ ይሻላል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሳችሁ፣ እንደሚጥል በሽታ ካንዘፈዘፋችሁ፣ አንድ ጎን ከከዳችሁ ወይ ምላስ ከተሳሰረ ግን ማንበቡን ትታችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

2. አቅማችሁን ለኩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ስልክ ላይ ሰአት ሞልታችሁ ከስራችሁ ጋር የሚመሳሰል ነገር አንብቡ ወይ ፃፉ፣ ጭጋጉ (ጭንቅላት ደንዝዞ ያነበባችሁት አልገባ የሚላችሁ ነገር) ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚመጣ መዝግቡ። እኔ 20 ደቂቃ ላይ ነበር የሚመጣብኝ ስለዚህ አላርሙን 15 ላይ አደረግኩት፣ ማለትም የምታቆሙት ሲያማችሁ ሳይሆን ሳያማችሁ በፊት ነው። ይሄ እስኪገባኝ 2 ወር ፈጅቶብኛል፣ ደህና የነቃሁ ቀን የተጠራቀመውን ሁሉ ልጨርስ ብዬ ስሯሯጥ እውልና በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል፣ ልክ 60 ፐርሰንት እያሳየ ድርግም እንደሚል ያረጀ ስልክ።

3. በማስታወስ አትመኩ። አንድ ደብተር ብቻ ያዙ፣ 3 ደብተር ከያዛችሁ የትኛው ላይ እንደፃፋችሁ ትረሳላችሁ (ከልምድ ነው የማወራው)። ድስት ጥዳችሁ ከተቀመጣችሁ አላርም ሙሉ።

4. አለቃችሁን ከመመለሳችሁ በፊት አናግሩ። «ገና አልተሻለኝም» ካላችሁ ምን እንደሚያደርግላችሁ አያውቅም፣ «ስብሰባ ከግማሽ ሰአት ካለፈ መከታተል ያቅተኛል፣ የተወሰነውን በፅሁፍ ይላኩልኝ» ካላችሁ ግን የሚያደርገው ነገር አለው። በግማሽ ቀን ጀምሩ፣ ከባዱን ስራ ጭንቅላታችሁ ባልደከመበት ሰአት ስሩ፣ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላ አትክፈቱ። ሰአቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ምልክቱ ከተነሳ ወደነበራችሁበት ሰአት ተመለሱ። መኪና፣ ማሽን፣ ከፍታ ላይ መውጣት ያለበት ስራ ከሆነ ሀኪም ሳይፈቅድ አይሞከርም፣ ድጋሚ መመታት ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል።

5. መጠጥ ተዉ፣ በሰአቱ ተኙ። በትንሽ ነገር መናደድም የህመሙ አካል ነው፣ ቤት ያሉት ይሄን ቀድመው ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ቀላል ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት እስከ 3 ወር ይለቃል፣ ከባዱ ብዙ ወር አንዳንዴም አመታት ይወስዳል። 3 ወር አልፎ ለውጥ ከሌለ ኒውሮሳይኮሎጂስት (የአእምሮን ስራ በፈተና የሚለካ ባለሙያ) ካገኛችሁ ተመርመሩ፣ የደከመው ትኩረት ይሁን ማስታወስ ወይ የማሰብ ፍጥነት ለይቶ ይነግራችኋል፣ ውጤቱን ለአለቃችሁም ማሳየት ትችላላችሁ።