በፌንደር ስቱዲዮ ሲቀዱ የሚሰማው ጉርምርምታ፦ ችግሩና መፍትሄው

ጊታር አምራቹ ፌንደር በግንቦት 2017 ዓ.ም. ለጀማሪዎች በነፃ ያቀረበው ፌንደር ስቱዲዮ የተሰኘ የሙዚቃ መቅጃ ፕሮግራም በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስ፣ በአንድሮይድና በአይፎን ስለሚሠራ፣ ጊታር መማር የጀመረ ሰው ሁሉ ያለ ወጪ የራሱን ጨዋታ ቀድቶ እንዲሰማ ዕድል ሰጥቷል። ይህ ጽሑፍ ፕሮግራሙን መጫንና ጊታሩን ከሳውንድ ካርድ (የጊታሩን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ከሚያስገባው ዕቃ) ጋር ማገናኘት ለሚችል ሰው የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ኬብሉ መሰካቱንና የሳውንድ ካርዱ ድምፅ መከፈቱን እንዲያረጋግጡ እዚህ አልነግርዎትም። በኮየ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በአካባቢያቸው ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለጥገና ስጠራ ግን «ነፃ ፕሮግራም ስለሆነ ነው የሚያጓራው» የሚል አቤቱታ ዘወትር ይገጥመኛል። ፕሮግራሙ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ እምብዛም የለም፤ ጥፋቱ በአብዛኛው የሚገኘው ቻርጀሩ ከግድግዳው ሶኬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ቀላል ቀላሎቹን ላንሣ።

ምንም ድምፅ ካልገባ በዊንዶውስም ሆነ በስልክ ሴቲንግ ውስጥ ማይክሮፎን ለፕሮግራሙ መፈቀዱን ይመልከቱ። ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከተሰማ ትራኩ በስቴሪዮ ተከፍቷል፤ የሳውንድ ካርዱን አንደኛ መግቢያ ብቻ በሞኖ ይምረጡ። ከ8 በላይ ትራክ አልጨምር ካለ ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ በነፃ ሲመዘገቡ ቁጥሩ ወደ 16 ያድጋል። የጊታሩን ጃክ በመቀየሪያ አድርጎ በቀጥታ የስልክ የኢርፎን ቀዳዳ ውስጥ መሰካት አይሠራም፤ በመካከል ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል።

ክሩን ከመቱ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው በምን እንደሚያዳምጡ ነው። የብሉቱዝ ኢርፎን ብዙውን ጊዜ ድምፁን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ስለሚያዘገየው፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚደረግ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አያድነውም፤ ባለ ገመድ ሄድፎን ይጠቀሙ። መዘግየቱ ከዚያም በኋላ ከቀጠለ በዊንዶውስ የሳውንድ ካርዱ አምራች ያዘጋጀውን አሲዮ (ASIO) ድራይቨር፣ ማለትም ድምፁ ሳይዘገይ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ማገናኛ ሶፍትዌር፣ ይጫኑና በፕሮግራሙ ውስጥ እሱን ይምረጡ። ቀጥሎ በፈር የሚባለውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመውን የድምፅ ናሙና (ሳምፕል) መጠን ይቀንሱ፦ በ48000 ኸርዝ ሲቀዱ 1024 ሳምፕል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ 21 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲያዘገይ፣ 128 ግን 3 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ድምፁ መንጣጣት ከጀመረ ላፕቶፑ አልቻለም ማለት ነውና ወደ 256 ይመልሱት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ።

ምልክቱ የሚከተለው ነው። ጊታሩን ሳይመቱት ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ወይም «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ በሄድፎኑ ይሰማል፤ ክሮቹን በእጅ ሲይዙ ይቀንሳል፣ ሲለቁ ይመለሳል። የሀገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ጉርምርምታው በዚያው 50 ላይና በእጥፉ በ100 ኸርዝ ላይ ያርፋል። እነዚህም 49 እና 98 ኸርዝ ከሆኑት ዝቅተኛ የጂ ኖታዎች ጋር በጣም ስለሚቀራረቡ፣ ጂን መነሻ አድርጎ በትዝታ ቅኝት የሚጫወት ሰው ጉርምርምታው ከሙዚቃው ጋር ተዋህዶ ሊያታልለው ይችላል። ኖታው ሲቀየር፣ ይልቁንም ሙዚቃው ዝም ሲል፣ ያን ጊዜ ጉዱ ይወጣል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሦስት ሙከራ ያድርጉ። የጊታሩን ቮልዩም እስከ መጨረሻው ይዝጉ፤ ጉርምርምታው ከጠፋ ምንጩ ከጊታሩ ወገን ነው፣ ካልጠፋ ከኬብሉ፣ ከሳውንድ ካርዱ ወይም ከኤሌክትሪኩ ነው። ከዚያ ቮልዩሙን ከፍተው የላፕቶፑን ቻርጀር ከሶኬቱ ይንቀሉ፤ በዚያው ቅጽበት ዝም ካለ ነገሩ ተገኝቷል። በመጨረሻም ጊታሩን እንደያዙ በተቀመጡበት ቀስ ብለው ይዙሩ፤ በአንድ አቅጣጫ ጎልቶ በሌላው ከደከመ ፒካፑ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔት ያለው ጥቅል) በአቅራቢያው ካለ ዕቃ የሚወጣ መግነጢሳዊ ጫጫታ እየለቀመ ነው።

እኔ ከምጠራባቸው ቤቶች በአብዛኞቹ መልሱን የሚሰጠው ሁለተኛው ሙከራ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው፦ በላፕቶፕ ቻርጀር ውስጥ የኤሌክትሪኩን ጫጫታ ወደ መሬት እንዲያወርዱ የተቀመጡ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ኤሌክትሪሺያኖች ግራውንድ የሚሉት የመሬት መስመር በማይኖርበት ጊዜ ጫጫታው የሚወርድበት ስለሚያጣ ወደ ላፕቶፑ አካል፣ በዩኤስቢው በኩል ወደ ሳውንድ ካርዱ፣ በጃኩ ኬብል አድርጎም እስከ ጊታሩ ክር ድረስ ይሄዳል። የላፕቶፑ ክዳን ብረት ከሆነ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ ሳለ የእጅዎን ጀርባ በቀስታ ሲያንሸራትቱበት ክዳኑ ድንገት የሻከረ ያህል የሚነዝር ስሜት ይሰጣል፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ያው ክዳን ለስላሳ ይሆናል። በዲጂታል መልቲሜትር ከመሬት ጋር ሲለካ የመስመሩ ግማሽ ገደማ፣ ማለትም ወደ 110 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። የሚያልፈው ከረንት እጅግ ትንሽ በመሆኑ ሰው አይጎዳም፤ ጊታር ለማስጮህ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ግራውንዱ የት ጠፋ? በብዙ ቤቶች ወንጀለኛው በጥቂት ብር የሚሸጠው የሶኬት መቀየሪያ ነው። ከዱባይ የመጣ ላፕቶፕ ባለ 3 ጠፍጣፋ እግር ቻርጀር ይዞ ይመጣል፤ የእኛ ሶኬት ባለ 2 ክብ ቀዳዳ ነው፤ ሰዎች ሁለቱን በፕላስቲክ መቀየሪያ ያገናኙና ሦስተኛው እግር የትም ሳይደርስ ይቀራል። በግድግዳው ሶኬት ጎንና ጎን ያሉት ሁለት የብረት ምላሶች የመሬት መስመር ናቸው፤ ርካሹ መቀየሪያ ደግሞ እነዚህን ምላሶች ፈጽሞ አይነካም። ዲቫይደሮችም እንዲሁ ናቸው፦ ከላይ ምላስ ተደርጎላቸው ሲፈቱ ውስጣቸው ሁለት ሽቦ ብቻ የሚገኝባቸውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ይህን ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም።

ኮየ ፈጬ ያለ አንድ ወጣት ጉርምርምታውን ለማጥፋት ኬብል ቀይሮ፣ ቀጥሎም ፒካፑን አስቀይሮ፣ በመጨረሻ ፕሮግራሙን አጥፍቶ በሌላ ሊተካ ሲል ደረስኩ። ቻርጀሩን ነቅዬ ሄድፎኑን ሰጠሁት፤ ፊቱን ሳየው ለፒካፑ የከፈለውን እያሰበ መሆኑ ገባኝ። ሌላ ቤት ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ተብዬ የመሬት መስመር ሲያጣ የሶኬቱን ምላስ በአጭር ሽቦ ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር አገናኝቶ ሄዷል። ጉርምርምታው በእርግጥ ቀንሷል። ነገር ግን ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢቋረጥ ወይም ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል ቦታ ቢቀያየሩ የላፕቶፑ አካልና የጊታሩ ክር 220 ቮልት ይሸከማሉ። ይህንን በፍጹም አያድርጉ፤ ተደርጎ ካገኙትም ዛሬውኑ ያስፈቱት። ግራውንዱን ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰርም ያው ነው፤ ዛሬ ቧንቧው በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው፣ ብረት ቢሆንም ገላውን የሚታጠበው ጎረቤት ምን አጠፋ? የቻርጀሩን ሦስተኛ እግር ሰብሮ መሰካትም መፍትሄ አይደለም።

ፈጣኑ መፍትሄ ነፃ ነው፦ ባትሪውን ሞልተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው ይቅዱ። ዘላቂው መፍትሄ የጎን ምላስ ያለው ክብ እግር ያለበት የቻርጀር ኬብል መግዛት፣ ዲቫይደሩንም ባለ ሦስት ሽቦ በሆነ መተካት ነው። ከዚህ በኋላም ካልተለወጠ ሶኬቱ ራሱ ግራውንድ አልደረሰውም ማለት ስለሆነ ሁነኛ ባለሙያ በመልቲሜትር ይለካው፤ ከፌዝ እስከ ምላሱ 220 አካባቢ፣ ከኒውትራል እስከ ምላሱ ግን ጥቂት ቮልት ብቻ ማሳየት አለበት። ስፒከር ጨምረው የሚጠቀሙ ከሆነ ላፕቶፑንና ስፒከሩን ከአንድ ዲቫይደር ያስነሷቸው፤ በሁለት የተለያዩ ሶኬቶች ሲሆኑ ግራውንዱ ቀለበት ሠርቶ አዲስ ጉርምርምታ ሊያመጣ ይችላል።

መብራት ጠፍቶ በኢንቨርተር የሚቀዱ ሰዎች ጉዳይ ለየት ይላል። ርካሽ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው በመሆኑ «ዝዝዝ»ው ከወትሮው የባሰ ስለታም ይሆናል፤ ኢንቨርተሩን ለመብራትና ለራውተር ትተው በላፕቶፑ ባትሪ ይሥሩ። መብራት ሲመለስም ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሊመጣ ስለሚችል ቻርጀሩንና ሳውንድ ካርዱን ነቅለው ይጠብቁ።

ሦስተኛው ሙከራ ምንጩን ካሳየ ግራውንድ አይረዳዎትም። የፍሪጅ ስታቢላይዘር ውስጥ ትልቅ ትራንስፎርመር ስላለ፣ ከአጠገቡ ተቀምጦ በሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ፒካፕ መቅዳት ጉርምርምታን ጠርቶ መቅዳት ነው፤ ወንበሩን ወደ ሌላው ግድግዳ ያዙሩት። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ስትራቶካስተርና በእሱ አምሳል የተሠሩት ጊታሮች በዚህ ይታወቃሉ። የመካከለኛው ፒካፕ ጥቅል በተቃራኒ የተጠመጠመ ከሆነ የፒካፕ መምረጫውን በ2ኛው ወይም በ4ኛው ቦታ ሲያደርጉ ሁለቱ ፒካፖች የአንዱን ጫጫታ በሌላው ይሰርዛሉ። ሀምበከር (ጫጫታ የሚሰርዝ ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ) ያለው ጊታር ከሆነ ይህ ችግር ብዙም አይነካዎትም።

ክሩን ሲይዙ ጉርምርምታው የሚጨምር ከሆነ የጃኩ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ተቀያይረው ተበይደዋል፤ ይህ አልፎ አልፎ ነው የሚገጥመው። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው የአምፕ ጌይን (የድምፅ ማጉያ መጠን) እስከ ጥግ ከተከፈተ ማንኛውም ጊታር ያጓራል፤ ይቀንሱት። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ፣ የጊታሩ ቮልዩም ተዘግቶና ኬብሉ ተቀይሮም ጉርምርምታው ካልጠፋ የሚቀረው ሳውንድ ካርዱ ነው፤ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ከጓደኛ ተውሰው በሌላ ይሞክሩ።